ፓስታው ካራማራን ሲሻገር ወይኑ የት ቀረ?

ስለ አውሮፓ ወይን ጠጅ ሊጽፍ የተነሣ ሰው ጅጅጋን መነሻው ቢያደርግ አንባቢ «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ጅጅጋ የግመል ወተት በየማለዳው ከገጠር የሚገባባት፣ ከቀትር በኋላ ሰው በጫትና በሻይ የሚጨዋወትባት፣ ከነዋሪዋ የሚበዛው መጠጥ በሃይማኖቱ የተከለከለባት ከተማ ናት። ወጉ ቢጠበቅ ጨዋታው ከቦርዶ ወይም ከቶስካና መጀመር ነበረበት። ዳሩ ግን ርካሹ የአውሮፓ ወይን ወደ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል የገባባቸው ሁለት በሮች፣ የባቡሩም የጦሩም፣ የተከፈቱት ዛሬ የሶማሌ ክልል በምንለው ምድር ላይ ነው።

ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ጣሊያን ፓስታንና ወይንን ባንድ ገበታ ያቀርባል፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይሆንለትም። ታዲያ ከጣሊያን ጋር የመጣው ፓስታ ጅጅጋ ውስጥ በየቤቱ ገብቶ እንደ ቤተኛ ሲቀመጥ፣ አብሮት የመጣው ወይን ለምን ከደጅ ተመለሰ? «ሃይማኖት ነዋ!» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻላል። ሐሰት አይደለም፤ ግን የመልሱ ግማሽ ነው። ሃይማኖታቸው ወይንን ያልከለከላቸው የደጋ ሰዎችም በዚያች ከተማ ፓስታ ሲበሉ ወይን አልቀዱም። እኔ ያደግሁት ከነሱ ባንዱ ቤት ስለሆነ ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። አማርኛ ይህን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ይለዋል። ቋንቋችን እንግዳውን የተቀበለው የጠጅ ዘመድ አድርጎ ነው ማለት ነው፤ ባለቤቱ ጠጅ፣ ወይኑ ተቀጽላ። ወይን ራሱ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የምትጠቀምበት ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲጨመቅ ኖሯል። በጣና አካባቢም እንደ ይፋግ ያሉ ቦታዎች በወይን ተክላቸው ዝነኛ ነበሩ። ነገር ግን ወይን ለመሥዋዕት እንጂ ለወጥ ማወራረጃ አልነበረም። ወጥን የሚያወራርደው ጠላ ነው፤ የተሻለ ቀን ሲመጣ ደግሞ ጠጅ። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው በር ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በደወሌ ገብቶ አይሻን፣ አዲጋላንና ሽንሌን እያቆራረጠ ሲወጣ የኢሳ ሶማሌ እረኞች ዳር ቆመው አዩት። ከዚያ በፊት ከባሕር ወደ ሐረር የሚወጣ ዕቃ ሁሉ የግመል ቅፍለት ጭነት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ቀላል የነጋዴ ስሌት አለ። ጠርሙስ ይከብዳል፣ ይሰበራልም። ሻምፓኝ ውድ ስለሆነ የግመሉን ኪራይና የመንገዱን ስብራት ይችላል፤ ጌታውም ይከፍላል። የፈረንሳይ ሠራተኛ ከምሳው ጋር የሚጠጣው ተራ ቀይ ወይን ግን ያን ሁሉ በረሃ በግመል ቢሻገር ዋጋው ከሻምፓኙ ሊደርስ ምን ቀረው? ርካሽ ወይን ርካሽ ሆኖ የሚደርሰው ሐዲድ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ «የገበታ ወይን» የሚባለው ነገር በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሊታሰብ የቻለው ከ1895 ወዲህ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ፤ ይኼኛው በሐዲድ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ያለ ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለች፤ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮውስኪ ውል ይባላል። በዚህ ውል ወደ አገር የሚገባ ዕቃ ከዋጋው 10 በመቶ ቀረጥ ይከፍላል ሲባል፣ ወይንና ቢራን ለመሰለው መጠጥ ቀረጡ ወደ 8 በመቶ ዝቅ አለለት። አስተውሉ፤ ከጨርቁና ከመሣሪያው ይልቅ ለወይኑ የተለየ ርኅራኄ ተደርጎለታል! የፈረንሳይ ወይን ጠማቂ በፓሪስ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያሻም። ሌሎቹ መንግሥታትም ያንኑ መብት ለራሳቸው ጠየቁ። ውጤቱ የኢትዮጵያ መንግሥት በገዛ አገሩ በመጠጥ ላይ ቀረጥ ከፍ ለማድረግ ቢፈልግ እጁ የታሰረ ሆነ። በመጋቢት 1923 ዓ.ም. የፍጆታ ቀረጥ የሚባል ሕግ ወጥቶ ማሰሪያውን በጎን ለመፍታት ሲሞከር፣ የአዲስ አበባ ሌጋሲዮኖች ውላችን ተነካ ብለው ጮኹ። እንግዲህ በዚያን ዘመን የአውሮፓ ወይን «ርካሽ» ነበር ስንል፣ ርካሽነቱ በከፊል የኛ ድካም ዋጋ መሆኑ አይዘንጋ።

ይህን ወይን ማን ጠጣው? ድሬዳዋን የሚያውቅ መልሱን ያውቀዋል። ከተማይቱ ገና ስትቆረቆር በደቻቱ አሸዋ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር የፈረንሳይ የባቡር ሠራተኞች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች ነበሩ። ሆቴሉም፣ የመጠጥ መደብሩም በብዙው በግሪክና በአርመን እጅ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ በ1930 እ.ኤ.አ. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዘገባ መጥቶ ወደ ሐረር በወረደ ጊዜ ያደረው አንድ አርመናዊ በሚያስተዳድረው ሆቴል ነው፤ ስለ ሰውዬው የጻፈው ከብዙው የዘውድ በዓል ሐተታው ይልቅ ይነበባል። በነዚህ ቤቶች የቤት ምግብና ርካሽ ወይን ባንድ ጠረጴዛ መገናኘታቸው የዘወትር ነገር ነበር። ምግቡን የሚሠሩት ግን ከመጋላ የሚሻገሩ ያገር ልጆች ናቸው። ከከዚራ ወደ መጋላ ሲመለሱ ይዘው የተሻገሩት የወጥ ቤቱን ጥበብ ነው። ወይኑ እዚያው ቀረ።

ወደ ጅጅጋ ያለው መንገድ ደግሞ ሌላ ነበር። ከሐረር ተነሥቶ በባቢሌ፣ በዳካታ ቋጥኞች መካከል አልፎ፣ ፋፈንን ተሻግሮ የካራማራን ማርዳ በር ወጥቶ የሚወርድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማይቱ የጦር ሰፈርና የኬላ ከተማ ነበረች። ከገዥዎቿ አንዱ የ«ፋቡላ» ደራሲ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው፤ ልጅነታቸውን በሩሲያ ያሳለፉ፣ የእርሻ ትምህርት በአውሮፓ የቀሰሙ ሰው ሲሆኑ፣ የጅጅጋ መንገዶች ቀጥ ቀጥ ብለው መሰመራቸው የሳቸው አሻራ ነው። እንዲያ ያለ ሰው በገዛትም ከተማ ግን ርካሽ ወይን ገበያ አልነበረውም፤ ለወታደሩ ጠጅ ነበረ፣ ለነጋዴው ሻይ ነበረ።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በመድፍ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የግራዚያኒ ጦር የደጃዝማች ነሲቡን መከላከያ ሰብሮ ከኦጋዴን ወደ ጅጅጋ ገባ። ሚያዝያ 30 ደግሞ ሐረርን ያዘ። (ግራዚያኒ የጅጅጋን ቤተ ክርስቲያን ሊጎበኝ ገብቶ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ መውደቁና ካህናቱ ያጠመዱልኝ ወጥመድ ነው ብሎ ማመኑ ይታወቃል። ያን ቂም ይዞ አዲስ አበባ መውጣቱን ላሰበ ሰው ታሪኩ እንደሚመስለው አስቂኝ አይደለም።)

ከዚህ ጦር ጋር ሁለት ነገር በብዛት መጣ፤ ፓስታና ወይን። የጣሊያን ወታደር ስንቅ ውስጥ ወይን እንደ ዳቦ የተቆጠረ ነው። ለጓዱ በዳሚጃን፣ ማለት በዚያ ሆደ ሰፊ በሽቦና በሣር በተለበጠ ትልቅ ጠርሙስ ይጫናል፤ ለመኮንኑ በፊያስኮ ይቀርባል። ፊያስኮ ታችኛው ወገቡ በሣር የተጎነጎነ፣ ያለዚያ ልባሱ የማይቆም ድብልብል ጠርሙስ ነው፤ የኪያንቲ ወይን መታወቂያው እሱ ነበር። ፓስታው ከነወይኑ መምጣቱ በአጋጣሚ አይደለም። ኪያንቲ ኮምጠጥ ያለ ወይን ነው፤ የቲማቲም ሱጎም ኮምጣጣ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ስለት ያበርደዋል። የድሀ ገበሬ ምግብና የድሀ ገበሬ መጠጥ ናቸው፤ ባንድ ኮረብታ ላይ አብረው ያደጉ።

እዚህ ላይ ቃላቱን መመርመር ይበቃል። ሶማሊኛ ከጣሊያንኛ «ባስቶ» ብሎ ፓስታውን፣ «ሱጎ» ብሎ ስጎውን፣ «ፋርጌቶ» ብሎ ሹካውን ተቀበለ። አማርኛም ፓስታውን፣ ስጎውን፣ ፉርኖውን ወሰደ፤ ሹካን ግን ከዐረብ ወስዶ ስለነበር አልቀየረም። ሶማሊኛ ከገበታው ሁሉ የጎደለው አንድ ቃል ቪኖ ነው። የሚያሰክር ነገር ሁሉ ከዐረብኛው በመጣ «ኸምሪ» በሚል አንድ ስም ተጠቅልሎ ከቤት ውጭ ቀረ። ሞቃዲሾ ከጣሊያን ጋር ከጅጅጋ ይልቅ እጅግ ብዙ ዘመን ኖራለች፤ እዚያም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ባስቶው ከነሙዙ ብሔራዊ ምግብ ሆነ፤ ወይኑ የጣሊያኖቹ እንደሆነ ቀረ።

የጣሊያን ዘመን አጭር ነበር። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር፣ በተለይ የናይጄሪያ ሻለቆች፣ ጅጅጋን ይዘው ማርዳ በርን አስለቀቁ። በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያኖች፣ የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋ ወርደው፣ በጭነት መኪና ሐረርንና ጅጅጋን አቋርጠው በበርበራ ወደብ ወደሚጠብቋቸው ነጫጭ መርከቦች ተጓዙ። ገዥዎቹ የገቡበትን ካራማራን ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ወጡበት። ጅጅጋ ግን እስከ 1948 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆየች፤ ሐውድ እስከ 1955። እንግሊዝ ወይን ጠጪ አይደለም፤ ስለዚህ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

እኔ የማውቃት ጅጅጋ ከዚህ በኋላ ያለችው ናት። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ ሲመደብ ገና ነፍስ አላወቅሁም ነበር። የምንኖርበት ሰፈር ድብልቅ ነው፤ ከግድግዳችን ወዲያ «ኤዶ» የምንላት ሶማሌ ባልቴት ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እኅት ማለት ነው፤ አክስት እንደማለት። ስሟን ካደግን በኋላ ነው ያወቅነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ባገራችን ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆኖ ሁሉን ሲካፈል አንድ ነገር አይካፈልም፤ ሥጋ። የአንዱን ባራኪ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሠርግ ሲሆን ለእስላሞቹ እንግዶች በራሳቸው ሰው ለብቻ ይታረዳል፤ በዓል ሲሆን በጉ ወይም ዶሮው በቁሙ ይላክላቸዋል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ግን ለበዓል እንጂ ለተራ ማክሰኞ አይሆንም። ተራ ማክሰኞ ጎረቤት ድንገት ብቅ ሲል ምን ይቀርባል? ወጡ ሥጋ ከሆነ አይቀርብም። ቅቤውም ቢሆን አንዳንዱን ያጠራጥራል። ለኛም እነሱ ቤት እንዲሁ ነው።

ይህን ቋጠሮ የፈታው ፓስታ ነው። በዘይት፣ በሽንኩርትና በቲማቲም የተሠራ ፓስታ አራጅ የለውም። ማን አረደው አይባልም። ለኛ ረቡዕና ዓርብ ለጾም ይሆናል፤ ለነሱ በረመዳን ማታ ለማፍጠሪያ ይሆናል። እናቴ ፓስታ ስትቀቅል የኤዶ የልጅ ልጆች ጠረኑን ሰምተው ይመጣሉ፤ ኤዶ ስትቀቅል እኛ እንሄዳለን። ከግድግዳው ወዲያና ወዲህ ሳህን ሲመላለስ የኖረው ፓስታ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም። ጣሊያን ለወታደሩ ያመጣው ምግብ ጅጅጋ ላይ ያገኘው ሥራ ይኼ ነው፤ ሁለት ጎረቤት ሳይሳቀቅ ከአንድ ትሪ እንዲበላ ማድረግ።

ወይኑ ከደጅ የቀረበት ግማሹ ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። ፓስታ የጋራ ገበታ ስለሆነ ወይን ጎኑ ሊቆም አልቻለም። እናቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች፤ ነገር ግን ጠላ የተጠጣባቸው ብርጭቆዎች ለኤዶ ሻይ ከሚቀርብባቸው ጋር ባንድ መደርደሪያ አይቀመጡም ነበር። ማንም አላዘዛትም። ባለ ፓስታ ቀን የጠላው ማሰሮ ጓዳ ይገባል፤ ነገሩ ያልቃል። እናም ክርስቲያኑ ቤት ፓስታን የለመደው ያለ ወይን፣ ከውሃና ከሻይ ጋር ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ ስንቱ ቤት ፓስታ ሲበላ ወይን ትዝ አይለውም፤ የጅጅጋን ብቻ ሳይሆን የጾሙንም ልማድ እዚህ ላይ ደምሩበት።

ቤታችን ውስጥ አንድ ፊያስኮ ነበር። ሣሩ ግማሹ ተበጣጥሷል። አንድ ቀን ኤዶ አየችውና፣

«ይኼ ጠርሙስ ምን ነበረበት?» አለች።

«የጣሊያን ነው ኤዶ። አሁን ላምባ ነው ያለበት» አለች እናቴ።

«ላምባ ከሆነስ ይቀመጥ» ብላ ሳቀች።

ሁለተኛው ግማሽ ምክንያት ምላስ ላይ ያለ ነው። በዓል ሲሆን፣ በሩ ሲዘጋ፣ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ አባቴ አልፎ አልፎ ከሐረር የመጣ የጣሊያን ወይን ይከፍት ነበር። ፊቱን አጨማዶ አንድ ብርጭቆ ይጨርስና ወደ ጠጁ ይመለሳል። ወይኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ደረቅ ቀይ ወይን አፍን የሚያኮማትር ነገር አለው፤ ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣ ነው። በርበሬ ካለበት ምላስ ጋር ሲገናኝ ማኮማተሩ ይብሳል፣ አልኮሉም ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ጠጅ ግን ማር ነው፤ የበርበሬን እሳት ማር ያበርደዋል፣ የጌሾው ምረት ደግሞ ቅባቱን ይቆርጠዋል። አበው ወጥና ጠጅን ሲያጋቡ አውቀው ነው። ስለዚህ የደጋው ሰው ወይንን እንደ ጠጅ ሲቀምሰው «ያልጣፈጠ ጠጅ» ሆኖ ቢያገኘው አይፈረድበትም፤ ስሙም «ወይን ጠጅ» ነዋ!

ይህን ያገር ውስጥ ፋብሪካዎችም አውቀውታል። ልደቱን ከ1943 እ.ኤ.አ. የሚቆጥረው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርን የመሰለ ደረቅ ቀይ ቢያወጣም፣ በየቤቱና በየሠርጉ የተወደደለት ጣፋጩ አክሱማይት ነው። ጉደሩን ደግሞ ጠጪው በኮካ ኮላ ወይም በስፕራይት እየበረዘ ጠጣው። አውሮፓ አይተው የተመለሱ ሰዎች በዚህ ሲያፍሩ አይቻለሁ። እኔ አላፍርበትም። ያ ሰው ሳያውቀው ወይኑን ወደ ጠጅነት እየመለሰው ነው፤ ገበታውም ክትፎና ዶሮ ወጥ ነውና ልክ ነው። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ተወርሶ፣ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ግል ባለሀብት ዞሮ አክሱማይት አክሱማይትነቱን አልለቀቀም። በምሥራቁ በኩል የሐረር ቢራ ፋብሪካ አልኮል የሌለውን ሐረር ሶፊ ማውጣቱም ከዚሁ ዕውቀት የመነጨ ይመስለኛል፤ ሁሉም ሰው የሚቀመጥበት ገበታ ላይ ጠርሙስ ማቆም የሚሻ ነጋዴ ሌላ ምን ያደርጋል?

የኛ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ሳህን የቆመው በ1970 ዓ.ም. ነው። በመስከረም የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ያዘ፤ እኛ አስቀድመን ወደ ሐረር ሸሽተናል። የካቲት 26 ቀን ካራማራ ተመለሰች፣ ጅጅጋም ነፃ ወጣች። አባቴ ወደ ሥራው ሲመለስ እኔም አብሬው ሄጄ ነበር። ቤታችን ጣሪያው ተነሥቶ ግድግዳው ቆሟል። የኤዶ ቤት በሩ ክፍት ነው። እንደ ብዙዎቹ እሷም ከልጅ ልጆቿ ጋር ወደ ሶማሊያ መሰደዷን ነገሩን። ከዚያ በኋላ ስለሷ የሰማሁት የለም። በ1988 እ.ኤ.አ. ሐርጌሳ በራሷ መንግሥት አውሮፕላን ስትደበደብ ስደቱ ተገልብጦ ሐርቲሼክ ላይ በሰፈረ ጊዜ ከስደተኞቹ መካከል ትኖር ይሆን እያልሁ አስብ ነበር። ዕድሜዋ ግን አያደርሳትም።

የሐርቲሼክ ጣቢያ እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። በነዚያ ዓመታት የውጭው ፓስታ በቶግ ወጫሌ በኩል በካርቶን እየተጫነ ጅጅጋን፣ ሐረርን፣ ድሬዳዋን አጥለቀለቀ፤ ኮንትሮባንድ ነው ተባለ፣ ተወረሰ፣ ተመልሶ ገባ። ስለ ኮንትሮባንድ መጥፎነት ብዙ ተጽፏል። እኔ የምለው አንድ ነው፤ ያ ሁሉ ፓስታ ካራማራን ሲወጣ ያለ ወይኑ ነው የወጣው። ጣሊያን ያጋባቸውን ጅጅጋ እንዳፋታቻቸው ቀሩ።

አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ በደመወዝ የሚገዛ የአውሮፓ ወይን ከቤት ምግብ ጋር መሞከር ልማዴ ሆኗል። «በደመወዝ የሚገዛ» የሚለው እንደ ዘመኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድለት ሲከለክል የአልኮል መጠጥ ካንዱ ነበር፤ ክልከላው በሐምሌ 2016 ሲነሣ ደግሞ ብሩ ራሱ ተንሳፈፈና ዋጋው ሌላ ሆነ። በክሎቡኮውስኪ ዘመን ቀረጥ መጣል ያልቻለች አገር ዛሬ እንደልቧ ትጥላለች፤ ክፉ አልተደረገም፣ ኪሴ ግን ያዝናል። ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ ጠርሙስ መጫኑን ትተው ዝዋይ ላይ ወይን ተክለዋል፤ የመጀመሪያው ምርታቸው በ2006 ዓ.ም. ወጣ። ወይኑ በሐዲድ መምጣቱ ቀርቶ ከአዳሚ ቱሉ መንገድ ይመጣል።

የሞከርሁትን ላካፍል። ለዶሮ ወጥ ደረቅ ቀይ አትክፈቱ፤ ጣፈጥ ያለ ነጭ፣ በደንብ የቀዘቀዘ፣ ይሻላል፤ ከሌለ ጠጅ አለ። ለክትፎ ቀዩ ይስማማል፤ ቅቤው ማኮማተሩን ይውጠዋል፣ ሚጥሚጣው ግን መመጠን አለበት። ሽሮ አስቸጋሪ ነው፤ እስካሁን ከጠላ የተሻለ አላገኘሁለትም። ለጥብስ ርካሹ የስፓኝ ቀይ ያለ ጭቅጭቅ ይሄዳል። ለቲማቲም ፓስታ ደግሞ ለጋ የጣሊያን ቀይ ነው፤ ያ ገበሬ ያጋባቸውን መለያየት ከንቱ ነው፣ ቢያንስ እኔ ብቻዬን በምበላበት ቀን።

በቅርቡ ለሥራ ጅጅጋ ወርጄ ምሳ ጋበዙኝ። ባስቶው ከነሱጎው መጣ፤ ጎኑ ላይ ያልተላጠ ሙዝ፣ ከሙዙ አጠገብ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የፓፓያ ጭማቂ። ሙዙን እየላጡ ከፓስታው ጋር እያጣጣሙ ይበሉታል፤ ልጅ ሆኜ ኤዶ ቤት የማውቀው ነው፣ ረስቼው ነበር። አዲስ አበባ ስመለስ እንደዚያው ሠርቼ ከቀይ ወይን ጋር ሞከርሁት። ሙዙ ወይኑን ያመርረዋል። ጭማቂው ይሻላል።